ጆሮ በድንገት የሚጮኸው ለምንድን ነው? በፍጥነት መታከም የሚያስፈልገውስ መቼ ነው?

ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ሬዲዮው ተዘግቷል፤ ጎረቤትም ተኝቷል። በአንደኛው ጆሮ በኩል ቀጭን፣ የማያቋርጥ ድምጽ መሰማት ይጀምራል። አጠገብ የተቀመጠው ሰው ግን ምንም አልሰማም።

ብዙዎች እንዲህ ሲያጋጥማቸው “ማን እያማኝ ይሆን?” ይላሉ። በሕክምናው ዓለም ግን ቲኒተስ ይባላል። ከውጭ ምንም ምንጭ የሌለው ድምጽ በጆሮ ወይም በጭንቅላት ውስጥ ሲሰማ ማለት ነው። ለአንዱ ፉጨት፣ ለሌላው የንብ መንጋ ወይም የሩቅ ሞተር ድምጽ ይመስለዋል።

በአውሮፓውያኑ 2022 ጃማ ኒውሮሎጂ በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት፣ በዓለም ዙሪያ ከ740 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች ይህ ስሜት እንዳጋጠማቸው ገምቷል። ከ120 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ችግሩ ከባድ ሆኖባቸዋል።

ድምጹ ከየት ይመጣል?

ቲኒተስ በራሱ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው። ቀንድ አውጣ በሚመስለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ውስጥ 15 ሺህ ገደማ ጸጉር መሰል ህዋሳት አሉ። ሥራቸው የድምጽን ንዝረት ወደ አንጎል የሚሄድ መልዕክት ማድረግ ነው። ከተጎዱ ዳግም አይበቅሉም። መልዕክቱ የቀነሰበት አንጎል ደግሞ፣ ጣቢያው ጠፍቶበት ድምጹ እንደተጨመረ ሬዲዮ፣ የራሱን ሹክሹክታ አጉልቶ ይሰማል። የመስማት ነርቫቸው በቀዶ ሕክምና በተቆረጠ ሰዎች ላይ እንኳ ጩኸቱ ሊቀጥል የሚችለው ለዚህ ነው።

ለጥቂት ሰከንዶች ጮኾ የሚጠፋ ድምጽ ግን አያስደነግጥም። በ1953 አሜሪካ ውስጥ የመስማት ችግር የሌለባቸው 80 ሰዎች ድምጽ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የሚሰሙትን እንዲናገሩ ተጠይቀው ነበር። 94 በመቶዎቹ አንዳች ድምጽ ሰምተናል አሉ።

ከኩክ እስከ ድምጽ ማጉያ

ቀላሉ መንስኤ የጆሮ ኩክ ነው። ኩኩን በጥጥ ወይም በክብሪት እንጨት ለማውጣት መሞከር ብዙውን ጊዜ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ የጆሮ ታምቡርንም ሊበሳ ይችላል። ጉንፋን፣ የጆሮ ኢንፌክሽን እንዲሁም የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመምም ጆሮን ያስጮኻሉ።

ሌላው ከፍተኛ ድምጽ ነው። በሠርግ ድንኳን ከድምጽ ማጉያው አጠገብ ያመሸ ሰው በማግስቱ ጆሮው ጭው ቢልበት አይገርምም። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ ሆኖም ህዋሳቱ ከአቅማቸው በላይ እንደሠሩ የሚያሳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምጽ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሊደመጥ ይችላል። ድምጹ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን የሚፈቀደው በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ነው።

መድኃኒቱስ?

ወባና ቲቢ ባልጠፉበት በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ጥያቄ መረሳት የለበትም። ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ጆሮን በማስጮኽ የታወቀ ነው። በአማርኛ እንክብል ሁሉ “ኪኒን” የተባለው ከዚሁ መድኃኒት ስም ተወስዶ ነው። ኩዊኒንም ሆነ በብዛት የተወሰደ አስፕሪን የሚያመጡት ጩኸት መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

እንደ ጄንታማይሲንና ካናማይሲን ያሉ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች ጉዳት ግን ዘላቂ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 መድኃኒት የተላመደን ቲቢ ለማከም ካናማይሲን እንዳይሰጥ ሲመክር፣ አንዱ ምክንያቱ የመስማት ጉዳት ነበር። ሕክምና ላይ ሳለ ጆሮው መጮኽ የጀመረ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ ሳይሆን ለሐኪሙ ዛሬውኑ መንገር ይኖርበታል።

ቀናት የሚቆጠሩበት ሁኔታ

ከሁሉም አሳሳቢው ጩኸቱ በአንድ ጆሮ በድንገት ጀምሮ መስማትም አብሮ ሲቀንስ ነው። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ጠዋት ሲነቁ፣ ወይም ስልክ ወደዚያ ጆሯቸው ሲያስጠጉ ነው። ጆሮው የተደፈነ ስለሚመስል ጉንፋን ወይም ኩክ ነው ተብሎ ዘይት ይንጠባጠብበታል፤ ሳምንታትም ያልፋሉ።

ችግሩ የውስጥ ጆሮ ወይም የነርቭ ከሆነ ግን ዘይቱ አይደርስበትም። ሐኪሞች በዚህ ጊዜ የሚያዙት ስቴሮይድ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቢበዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲጀመር ነው። ከአንድ ወር በኋላ የመጣ ታካሚ የመስማት ችሎታው የመመለስ ዕድል በእጅጉ የጠበበ ነው። ኩክ መሆን አለመሆኑ ጆሮን በማየት ብቻ በደቂቃዎች ውስጥ ይለያል።

ከልብ ምት ጋር እኩል የሚመታ ድምጽ የደም ሥር ምርመራ ያስፈልገዋል። ቤቱን ከሚያዞር ማጥወልወል ጋር የሚመላለስ ጩኸት የሜኒየር በሽታ ሊሆን ይችላል። ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ የመጣ፣ ወይም ፊትን ከማጣመምና አንደበትን ከማሰር ጋር የጀመረ ከሆነ ደግሞ ሰውየው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።

ጩኸቱ ባይለቅስ?

ለረዥም ጊዜ የቆየ ቲኒተስን ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም። መስማት ለቀነሰባቸው የመስሚያ መሣሪያ ጩኸቱንም ያቀልላቸዋል። የሥነ ልቦና ንግግር ሕክምና ድምጹን ባያጠፋም የሚያስከትለውን ጭንቀት እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። በጸጥታ ውስጥ ጩኸቱ ጎልቶ ስለሚሰማ፣ እንቅልፍ የነሳቸው ሰዎች ማራገቢያ ከፍተው ወይም ሬዲዮውን ዝቅ አድርገው እንዲተኙ ይመከራሉ።