የመረጃ ቋት ሲዛወር

የአንድ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት የተማሪዎቹን ውጤት የሚያኖርበት የሰርቨር ዲስክ ሞላ እንበል። አዲስ ዲስክ ተገጠመ፤ የቀረው ፋይሎቹን ማዛወር ነው። ነገሩ ግን ደብዳቤ ከፎልደር ወደ ፎልደር እንደ መገልበጥ አይቀልም።

ለአብነት በዊንዶውስ ላይ የሚሠራውን የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር እንመልከት። አንድ ውጤት ሲታረም ለውጡ አስቀድሞ የሚጻፈው «ኤልዲኤፍ» በተባለው የመዝገብ ፋይል ላይ ነው፤ የታረመው ገጽ «ኤምዲኤፍ» ወደተባለው ዋና ፋይል እስኪወርድ ድረስ በማኅደረ ትውስታ ይቆያል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለ ቋት ዋና ፋይሉ ብቻውን ሙሉ አይደለም። ሰርቨሩም ፋይሎቹን ቆልፎ ስለሚይዝ ዊንዶውስ አላስገለብጥም ይላል፤ ደግ አደረገ።

በመሆኑም መጠባበቂያ ቅጂ ከያዝን በኋላ አዲሱን አድራሻ ለሰርቨሩ እናስታውቃለን፤ ቋቱን ከአገልግሎት ውጪ አድርገን ሁለቱንም ፋይሎች በአንድነት እንገለብጣለን። እንገለብጣለን እንጂ ቆርጠን አንወስድም፤ መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ ዋናዎቹ በቦታቸው ይገኛሉና።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በፈቃድ ነው። ፋይሎቹን የሚከፍተው ሰርቨሩ የሚሠራበት የአገልግሎት አካውንት እንጂ እኛ አይደለንም። አካውንቱ በአዲሱ ፎልደር ላይ ሙሉ ፈቃድ ከሌለው ቋቱ «ስህተት ቁጥር 5» ብሎ አልነሣም ይላል፤ ትርጉሙ «መግባት ተከልክሏል» ነው። ፋይሎቹ ተበላሹ ብሎ መደንገጥ አያሻም፤ ፈቃዱን ሰጥቶ እንደገና ማስነሣት ነው። ቋቱ ከተነሣም በኋላ «ዲቢሲሲ ቼክዲቢ» በተባለው ትእዛዝ ጤንነቱን ሳናረጋግጥ የቀድሞዎቹን ፋይሎች አንደመስስም።