የተማሪው ወረቀት በውጭ ገበያ

ወደ ውጭ አገር ቡና የሚልክ ነጋዴ በውሉ ላይ «ጅማ 5» የሚል ቃል ቢያነብ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ቡናው ከ«ይርጋ ጨፌ 1» ይበልጣል ብሎ አይሳሳትም። በቡና ደረጃ 1 የላቀው፣ 5 ዝቅ ያለው መሆኑን ከሥራው ተምሮታልና። ይኸው ነጋዴ ግን ልጁን ለትምህርት ወደ ጀርመን አገር ለመላክ ባሰበ ጊዜ፣ በዚያ አገር ሚዛን 1 የላቀው ውጤት፣ 4 የማለፊያው የመጨረሻ ጠርዝ፣ 5 ደግሞ መውደቂያ መሆኑን ሲሰማ ይገረማል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች 4 ነጥብ ከሁሉ የላቀ ክብር ነው፤ በጀርመን ግን 4 የተጻፈለት ተማሪ ለጥቂት ከመውደቅ የተረፈ ነው።

ልዩነቱ የቁጥር ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ወላጅ ለብዙ ዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ካወጣ በኋላ፣ ልጁም ከክፍሉ ጓደኞች ቀዳሚ ሆኖ ሳለ፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ «የመግቢያውን ደንብ አላሟሉም» የሚል አጭር መልስ ሲደርስ ይታያል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የተማሪው ስንፍና አይደለም፤ ወረቀቱ በተቀባዩ አገር እንዴት እንደሚነበብ አስቀድሞ አለመጠየቁ ነው። ዕቃ ላኪ የገዢውን የጥራት መስፈርት ሳያነብ ጭነት አያስነሣም፤ በልጅ ትምህርት ግን ጭነቱ ከተነሣ በኋላ መስፈርቱ ይፈለጋል።

በኢትዮጵያ «ማትሪክ» የሚለው ስም ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ቀድሞ ተማሪዎች ይፈተኑት ከነበረው ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የማትሪኩሌሽን ፈተና ተወርሶ እስከ ዛሬ በሕዝቡ አፍ ቀርቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ውጤቱን የሚያገኘው በፊደል ነበር። ዛሬ ልጆቻቸውን ለመላክ ከሚያስቡት ወላጆች ብዙዎቹ «ስንት ኤ አመጣህ?» ብለው የሚጠይቁት ከዚያ ዘመን በተረፈ ልማድ ነው። የአሁኑ የ12ኛ ክፍል ውጤት ግን በእያንዳንዱ ትምህርት ከመቶ የሚሰጥ ነጥብ ሲሆን፣ ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለመግባት ከጠቅላላው ቢያንስ ግማሹን ማምጣት ግዴታ ሆኗል።

ይህ ደንብ በወጣበት ዓመት ውጤታቸው ከታወቀው 896,520 ተፈታኞች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በተከታዩ ዓመት ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 አልፈዋል። እንዲህ ባለው ፈተና 60 ወይም 65 በአማካይ ያመጣ ተማሪ በአገሩ ከብርቱዎቹ ወገን የሚቆጠር ነው። ይሁን እንጂ የውጭው መዝጋቢ በፊቱ የሚያየው 65 የሚለውን ቁጥር ነው፤ ከኋላው የወደቁት በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ መሆናቸው በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ከማመልከቻው ጋር የአገሪቱን የማለፊያ ደንብና የዓመቱን የአላፊዎች ብዛት የሚገልጽ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ማያያዝ ለተማሪው ትልቅ ድጋፍ ነው። ደብዳቤው አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል።

ጀርመኖች የውጭውን ነጥብ ወደ ራሳቸው ሚዛን የሚመልሱበት ሒሳብ ለነጋዴ አስቸጋሪ አይደለም። ሊገኝ ከሚችለው ከፍተኛ ነጥብ ላይ ተማሪው ያገኘው ይቀነሳል፤ ቀሪው፣ ከፍተኛው ነጥብ ከማለፊያው በሚበልጥበት መጠን ይካፈላል፤ የተገኘው በ3 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል። እንግዲህ ማለፊያው 50 በሆነበት ፈተና በአማካይ 75 ያመጣ ተማሪ በጀርመን 2.5 ይሆናል ማለት ነው። ከዚህ ሒሳብ የሚታየው ቁም ነገር የማለፊያው ነጥብ ከፍተኛ ነጥቡን ያህል የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ማለፊያው 50 መሆኑ በማስረጃው ላይ ካልተገለጠ ሒሳቡ ሊሳሳት ይችላል።

ነጥቡ መልካም ቢሆንም የኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ብቻውን በጀርመን የዩኒቨርሲቲ በር በቀጥታ አይከፍትም። መነሻው ደንብ ወረቀቱ በተሰጠበት አገር ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ያበቃል ወይ የሚለው ነው፤ በአገሩ ያላበቃ እዚያም አያበቃም። በአገሩ ያበቃው ተማሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ሽቱዲየንኮሌግ» በሚባለው የመሰናዶ ትምህርት ቤት ሁለት ሴሚስተር ተምሮ የመጨረሻውን ፈተና ማለፍ አለበት። ይህን አንድ ዓመት በወጪው ላይ ያልደመረ ወላጅ ሒሳቡ ከመጀመሪያው ጎድሎበታል። አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አለመጠየቃቸው እውነት ነው፤ ሆኖም የባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡትን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል።

ወደ እንግሊዝ አገር የሚያስበው ቤተ ሰብ የሚያገኘው ሌላ ዓይነት ሚዛን ነው። «ኤ ሌቭል» የሚባለው ፈተና የተጀመረው በ1951 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ተማሪው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ብዙ ትምህርት በጥቂቱ ከመማር ይልቅ ሦስት ትምህርቶችን ብቻ በጥልቀት እንዲማር ያደርጋል። ውጤቱ ከኤ ስታር ጀምሮ እስከ ኢ ይወርዳል። ከዚያ በፊት በ16 ዓመት ዕድሜ የሚሰጠው ፈተና ግን በእንግሊዝ በቁጥር ከ9 እስከ 1 ይመዘናል፤ እዚህ ደግሞ ከጀርመኑ ተቃራኒ 9 የላቀው፣ 1 የመጨረሻው ነው። በአዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ የ16 ዓመቱን ፈተና በዓለም አቀፍ መልኩ ያስፈትናሉ። በእንግሊዝኛና በሒሳብ 4 ወይም ከዚያ በላይ አለማምጣት ኋላ በኤ ሌቭል ጥሩ ውጤት ላገኘው ተማሪ እንኳ እንቅፋት ሊሆን ይችላል።

የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት ዩካስ በሚባል አንድ የጋራ መሥሪያ ቤት በኩል ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ፊደል ዋጋ አውጥቶለታል፤ ኤ ስታር 56፣ ኤ 48፣ ቢ 40፣ ሲ 32፣ ዲ 24፣ ኢ 16 ነው። በዚህ ዝርዝር ብዙ ወላጅ ይታለላል። ሁለት ኤና አንድ ቢ ያገኘች ተማሪ ድምሯ 136 ነው፤ አንድ ኤ ስታርና ሁለት ቢ ያገኘው ወንድሟም ድምሩ 136 ነው። ዳሩ ግን ዩኒቨርሲቲው «ኤ፣ ኤ፣ ቢ» ብሎ በፊደል ከጠየቀ እርሷ ስትገባ እርሱ ሊቀር ይችላል። በነጥብ ድምር የሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ብርቱ ፉክክር ያለባቸው ግን በአብዛኛው በፊደል ይጠይቃሉ።

ከፊደሉም በላይ ዕድልን የሚወስነው የትምህርቱ ዓይነት ነው። ምሕንድስና ሒሳብን፣ በብዙ ቦታም ፊዚክስን ይጠይቃል፤ ሕክምና ያለ ኬሚስትሪ የማይታሰብበት ቦታ ብዙ ነው። የነጋዴን ቤት በቅርብ የሚነካ ምሳሌ ደግሞ አለ። አባት ልጁ ሱቁንና የንግድ ፈቃዱን ተረክቦ እንዲያስፋፋ ስለሚመኝ «ሒሳብ ይክበደው፤ የንግድ ትምህርት ይውሰድ» ብሎ ይመክራል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ልጁ ለኢኮኖሚክስ ዲግሪ የለንደኑን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሲመለከት፣ በኤ ሌቭል የሒሳብ ትምህርት ግዴታ መሆኑን ያገኘዋል። በ16 ዓመት በቤት ውስጥ የተወሰነው ነገር በ18 ዓመት በር ይዘጋል። የሚያሳዝነው የመግቢያ ደንቡ ምስጢር አለመሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በየትምህርት ክፍሉ ዘርዝሮ ያወጣዋል፤ የጎደለው አስቀድሞ የሚያነብ ሰው ነው።

የኢትዮጵያን የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ብቻ የያዘ ተማሪ ደግሞ በአብዛኞቹ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች አንደኛ ዓመት በቀጥታ አይገባም፤ «ፋውንዴሽን» የሚባል የአንድ ዓመት መሰናዶ ይታዘዝበታል። ይህን መሰናዶ ሲመርጡ አንድ ጥያቄ መርሳት አይገባም፤ ከዚህ የሚሰጠው ማስረጃ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ወይስ የሚያገለግለው ለሰጪው ብቻ ነው? ለአንድ ገዢ ብቻ የተመረተ ዕቃ ገዢው እምቢ ያለ ቀን ምን እንደሚሆን ነጋዴ ያውቃል።

ሌላው የቀን መቁጠሪያው ጉዳይ ነው። የ2015፣ የ2016ና የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤቶች የታወቁት ከጳጉሜን እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ሊጀምሩ ተቃርበዋል፤ ለጀርመን የክረምት ሴሚስተር በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው የማመልከቻ መዝጊያ ቀን፣ ሐምሌ 8፣ ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ ውጤቱ በወጣ ማግሥት የሚያመለክተው ለተከታዩ ዓመት ነው። ለ2026 እ.ኤ.አ. መግቢያ የዩካስ ዋናው ቀነ ገደብ ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለኦክስፎርድ፣ ለካምብሪጅና ለሕክምና ትምህርት ግን ጥቅምት 5 ቀን ነበር። የኤ ሌቭል ተማሪ ገና ሳይፈተን መምህራኑ በሚሰጡት ግምታዊ ውጤት ያመለክታል፤ የሚያገኘውም መልስ «ይህን ይህን ብታመጣ እንቀበልሃለን» የሚል ነው። ይህ ደብዳቤ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ሁኔታ የተያያዘበት ውል እንጂ የተጠናቀቀ ሽያጭ አይደለም። እውነተኛው ውጤት በነሐሴ እስኪወጣ ድረስ ሁለተኛ አማራጭ መያዝ ይቻላል፤ ዩካስም ራሱ ለዚሁ ቦታ ሰጥቷል።

ገንዘብን በተመለከተ ነጋዴው ሀብታም ሆኖ ሳለ ደንቡን ሳያሟላ የሚቀርበት አንድ ወጥመድ አለ። የእንግሊዝ መንግሥት ለተማሪ ቪዛ፣ ካልተከፈለው የአንደኛ ዓመት የትምህርት ክፍያ በተጨማሪ እስከ 9 ወር ድረስ የመኖሪያ ገንዘብ እንዲታይ ይጠይቃል፤ ልኩም ከኅዳር 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን በወር 1,529 ፓውንድ፣ ከለንደን ውጭ 1,171 ፓውንድ ነው። ይህ ገንዘብ በባንክ ሒሳቡ ውስጥ 28 ተከታታይ ቀናት ሳይጎድል መቆየት አለበት። የነጋዴ ገንዘብ ግን ተቀምጦ አይውልም፤ ዛሬ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ ነገ ዕቃ ይገዛበታል፤ ከነገ ወዲያ ከሽያጭ ይመለሳል። በ27ኛው ቀን ለጉምሩክ ወጥቶ በ29ኛው ቀን የተመለሰ ገንዘብ ለሱቁ ምንም አልጎዳም፤ ለቪዛው ግን ቆጠራው እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል። ለዚህ ጉዳይ ከንግዱ የተለየ ሒሳብ መክፈት ያሻል። ጀርመኖች ደግሞ ነገሩን በሌላ መንገድ ጨርሰውታል፤ ከመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተወሰነውን 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ አስቀምጠው ለተማሪው በየወሩ 992 ዩሮ ብቻ ይለቁለታል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነ፣ በሚያዝያ የተሠራ ሒሳብ በነሐሴ ላይ መልሶ መታየት አለበት።

ይህን ሁሉ ለአማካሪ ድርጅት ትቶ መቀመጥም ይቻላል። ከእነዚህ ድርጅቶች ብዙዎቹ ተማሪ ከሚልኩለት ትምህርት ቤት ኮሚሲዮን የሚቀበሉ መሆናቸውን ማወቅ ግን ይገባል። ኮሚሲዮን ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ደላላው የማን እንደ ሆነ ሳይጠይቁ ዋጋ መነጋገር በመርካቶ የተለመደ አይደለም።

በመጨረሻ የሚቀረው ስም ነው። ዕቃ አስመጪ በሌተር ኦፍ ክሬዲት ላይ አንዲት ፊደል ስትዛነፍ ባንኩ ሰነዱን እንዴት እንደሚመልስ ያውቃል። የተማሪው ስም በላቲን ፊደል በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በ12ኛ ክፍል ማስረጃው ሌላ ዓይነት፣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው ወረቀት ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። የትውልድ ቀኑም በአንዱ በኢትዮጵያ፣ በሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፎ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይለያያል። የቋንቋው ፈተና ውጤት ራሱ የሚያገለግለው በአብዛኛው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ልጁ 11ኛ ክፍል ሳለ ሦስቱን ወረቀቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ፊደል በፊደል ማመሳከር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ የተሳሳተውን በየመሥሪያ ቤቱ ማስተካከል ግን ወራት ሊወስድ ይችላል።