ተባዩ በየትኛው በር ይገባል?

አንድ መጤ ተባይ ወደ አገር ሊገባ ይችላል ሲባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ይህ ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ሥጋቱን ለመመዘን አራት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እናነሳለን፤ ይኸውም፦

1ኛ/ ተባዩ በምን መንገድ ሊገባ ይችላል?
2ኛ/ ከገባ በኋላ የሚያጠቃውን ሰብልና የሚስማማውን አየር ያገኛል ወይ?
3ኛ/ በምን ፍጥነት ይዛመታል?
4ኛ/ በምርትና በገበሬው ኑሮ ላይ ምን ያህል ጉዳት ያደርሳል?

ከእነዚህ ውስጥ የመከላከያውን ዓይነት የሚወስነው የመጀመሪያው ነው። ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የአሜሪካ መጤ ተምች በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳ ላይ ታየ። የእሳት እራቱ ነፋስ ሲረዳው በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ስለሚችል የድንበር ኬላ አያግደውም። መከላከያው በወጥመድና በማሳ አሰሳ ቀድሞ ደርሶ ማወቅ ነው።

ትሮፒካል ሬስ 4 የተባለው የሙዝ ፉዛሪየም አጠውልግ ግን ክንፍ የለውም። ይህ የፈንገስ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2013 በሞዛምቢክ መኖሩ ተረጋግጧል። የሚተላለፈው በተበከለ ችግኝ፣ በጫማ፣ በመሣሪያና በጎማ ላይ በተጣበቀ አፈር እንዲሁም በውሃ ነው። በአርባ ምንጭ አካባቢ ለገበያ የሚመረተውን የካቬንዲሽ ሙዝ ያጠቃል። አፈር ውስጥ ከገባ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በመድኃኒት ማጥፋትም አልተቻለም። ስለሆነም እዚህ ላይ ጥረታችን ሁሉ በሩን በመዝጋት ላይ መዋል አለበት። ያለ ምርመራ የገባ ጥቂት ችግኝ የአንድ አካባቢ ገበሬዎችን መተዳደሪያ ለትውልድ ሊያሳጣ ይችላልና።

በዚህ መሠረት የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን።

ሀ/ ከውጭ የመጣ ዘር ወይም ችግኝ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ከሌለው ለአባላት አታከፋፍሉ።
ለ/ ከሌላ የሙዝ እርሻ የመጣ ሰው፣ መሣሪያና ተሽከርካሪ ማሳ ከመግባቱ በፊት አፈሩን አራግፎ እንዲታጠብ አድርጉ።
ሐ/ የሙዙ የታችኛው ቅጠል ከጠርዙ ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግ ካያችሁ፣ ተክሉን ነቅላችሁ ወደ ጽሕፈት ቤት አትውሰዱ፤ በሽታው ከአፈሩ ጋር አብሮ ይጓዛል። ቦታውን ምልክት አድርጉበት፣ ሰውና ከብት እንዳይገባበት አጥሩት፤ በዚያው ቀን ለዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ አስታውቁ።