ጎርጎራ፦ ልጆችዎን ወደ ጣና ዳር ይዘው ይሂዱ

በጎንደርና በአካባቢዋ ስለ ቤተሰብ ሽርሽር ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው የፋሲል ግንብ ነው። የግንቡን ታሪክ ከመነሻው ለማየት ግን ወደ ሐይቁ መውረድ ያስፈልጋል። ከማክሰኝት የሚነሳ ቤተሰብ ወደ ጎንደር አቅጣጫ ተጉዞ አዘዞ ላይ ወደ ደምቢያ ይታጠፋል፤ ቆላ ድባንና ጯሂትን አልፎ ጎርጎራ ይገባል።

ከጎንደር በፊት

እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት ዓፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ካሠሩባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ የጣና ዳርቻ ነው። አማካሪያቸው የነበረው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1622 ያረፈው እዚሁ ነው። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት መቀበላቸው አገሪቱን ደም አፋሰሰ። በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። ማርያም ግምብ የሚባለው ፍርስራሽ ያንን ዘመን ያስታውሳል። በከተማዋ ያለችው የደብረ ሲና ማርያም ክብ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በጥንታዊ የግድግዳ ሥዕሎቿ ትታወቃለች።

ሐይቁና እምቦጩ

ጣና 37 ያህል ደሴቶች አሉት፤ በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በ«ገበታ ለሀገር» የተሠራው የጎርጎራ ሪዞርትም ለአካባቢው አዲስ ገጽታ ሰጥቶታል። ይሁንና ሰው ወደዚህ የሚመጣው ለውሃው ነው፤ ውሃው ደግሞ ሕመም ላይ ነው። ከ2011 ወዲህ የታወቀው የእምቦጭ አረም በተለይ ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ፣ የደምቢያንና የጎንደር ዙሪያን ቀበሌዎች ጎድቷል። የጀልባ መንገድ ይዘጋል፤ ዓሣ የሚራባበትን፣ ለታንኳ የሚታጨደውን ደንገልም ያፈናቅላል። ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል፤ ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ተመልሶ ይበቅላል። ልጆችዎ ደንገሉን ከእምቦጩ ለይተው ቢያውቁ ከሽርሽሩ ትልቅ ትምህርት ይዘው ተመለሱ ማለት ነው።

ከመሄድዎ በፊት

• የመንገዱን ሰላም አስቀድመው ይጠይቁ።
• ወደ አንዳንድ የጣና ገዳማት ሴቶች አይገቡም፤ ጀልባ ከመከራየትዎ በፊት ያጣሩ።
• ልጆች ዳርቻው ላይ እንዳይዋኙ፤ ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለ።
• ምሳዎን እዚያው ይብሉ፤ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ትኩሱን ይገኛል።
• የውሃ ፕላስቲክዎን ይዘው ይመለሱ።