ስለ ሆድ ቁርጠት ክኒን

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ መድኀኒት ምን አገባው የሚለኝ ወንድም ቢኖር፥ ቁርጠት ፋኩልቲ አይመርጥም እለዋለሁ። የአንጀት ጡንቻ እንደ ክንዳችን በፈቃዳችን የሚታዘዝ አይደለም፤ ነርቮች አሴቲልኮሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ሲያፈሱበት ይኰማተራል፤ ያለ ልክ ሲኰማተር ቁርጠት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1952 በጀርመን አገር ለገበያ የዋለው ቡስኮፓን ይህ ንጥረ ነገር ጡንቻውን እንዳያዝዘው ይከለክለዋል።

ቡስኮፓን የሚሠራው ከሂዮሲን ነው። ሂዮሲን በየአጥሩ ሥር በሚበቅለው በአስተናግርም ውስጥ ይገኛል። አስተናግር ስሙ እንደሚመሰክረው የበላውን ሰው ያስለፈልፋል፤ ያቃዣል፤ ሊገድልም ይችላል። ክኒኑ ግን ወደ አንጎል በቀላሉ እንዳይዘልቅ ተደርጎ ተለውጧል። (ቅጠሉን በክኒኑ ፈንታ የሚሞክር እንዳይኖር አደራ!)

ነገር ግን ክኒኑ ጡንቻ ያላላል እንጂ የቁርጠቱን ምክንያት አያጠፋም። ባለፈው የፈተና ሰሞን አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ከየአልጋው ክኒን እየለመነ ሲውጥ አደረ። ሕመሙ ከእንብርቱ ዙሪያ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ጎኑ ታች ወርዶ፥ ትኩሳትም ጨምሮበት ነበር። የትርፍ አንጀት ሕመም መሆኑን የሰማነው ሲነጋ፥ ደግፈን ከሐኪም ዘንድ ካደረስነው በኋላ ነው። ክኒኑን ያቀበልነውም እኛው ነበርን።