ሳይቃጠል በቅጠል፦ የእሳት ጠቋሚ መሣሪያም ጠባቂ ይሻል

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው አባባል ለብዙ ነገር ይነገራል፤ ለእሳት ሲነገር ግን ከሁሉ ይልቅ እውነት ነው። በእፍኝ ቅጠል ሊጠፋ የሚችል ነበልባል ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ብዙ ቦቴ ውኃ የማይበግረው ይሆናልና። በሕንፃዎቻችን ኮርኒስ ላይ የሚገጠመው የእሳት ጠቋሚ መሣሪያ አገልግሎቱ እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ ሰውን መቀስቀስ ነው። ይሁን እንጂ ተገዝቶ ስለ ተሰቀለ ብቻ ይህን አያደርግም። በዚህ ጽሑፍ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ልናስረዳ የምንወደው፣ ጠቋሚው የሚጠብቀን እኛ እርሱን ስንጠብቀው ብቻ መሆኑን ነው።

የወላይታ ምድር አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወንጌልን የሰበኩባት እንደ ሆነች በትውፊት ትታወቃለች። ዛሬ በሶዶ ከተማም ሆነ በቦዲቲ፣ በአረካ፣ በገሱባና በበዴሳ አካባቢ አንድ አጥቢያ የሚጠብቀው ሀብት ቤተ መቅደሱ ብቻ አይደለም። ዕቃ ቤት፣ ቤተ ልሔም፣ የስብከተ ወንጌል አዳራሽ፣ የአብነት ተማሪዎች ማደሪያ፣ አንዳንዴም ሙዓለ ሕፃናትና የሚከራይ ሱቅ ይኖረዋል። ከቆርቆሮው በታች ያለው የእንጨት ማገር፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ ልብሰ ተክህኖው ሁሉ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ጧፍ፣ ፍምና የኤሌክትሪክ ሽቦም በየዕለቱ በአጠገባቸው አሉ። ቆርቆሮ ቢቃጠል በሌላ ይተካል፤ የተቃጠለ የብራና መጽሐፍ ግን አይተካም፤ በማደሪያው የተኛ ተማሪ ሕይወትማ ከዚህ ሁሉ በላይ ነው።

የእሳት አደጋ መኪና ይደርስልናል ብለን ብቻ ልንቀመጥም አንችልም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ቃጠሎ በተነሣ ጊዜ፣ የመንገዱ ጥበት መኪኖቹን እንዳስቸገረ የከተማዋ ባለሥልጣናት ተናግረዋል። በዋና ከተማው እንዲህ ከሆነ፣ ከዋናው መንገድ ርቆ በኮረብታ ላይ ለተሠራ ደብር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምን ያህል ውድ እንደሆኑ መገመት አያዳግትም።

መሣሪያው ብቻውን እንደማይበቃ ዓለም ሁሉ ያየው ምሳሌ አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም. በፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራል የእሳት ጠቋሚው ሥራውን ሠርቶ ምልክት ሰጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ ምልክቱ የመጣበት ስፍራ በትክክል ስላልታወቀ፣ የጥበቃ ሠራተኛው እሳቱ ወዳለበት ወደ ጣራው ሥር በመሄድ ፈንታ ወደ ዕቃ ቤቱ ተላከ። ስሕተቱ ታርሞ እሳቱ እስኪታይ ድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ባከነ፤ ለዘመናት የቆየው የእንጨት ጣራም ወደመ። ካቴድራሉ ዳግመኛ የተከፈተው ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው።

በእኛ አጥቢያዎች ጠቋሚን ከሥራ ውጭ የሚያደርጉት ነገሮች ከዚህ ይልቅ ቀላል ናቸው። በብዛት የሚሠራበት የጭስ ጠቋሚ በውስጡ የብርሃን ጨረር አለው፤ ጭስ ገብቶ ጨረሩን ሲበትነው ይጮኻል። አቧራ፣ የሸረሪት ድርና ጥላሸት ሲገቡበት ግን ወይ ያለ ምክንያት ይጮኻል፣ ወይ ጭሱ እንዳይገባ ይደፈናል። ቀለም ቀቢዎች አብረው ቢቀቡትም እንዲሁ ነው። የመብራት መቆራረጥም ሌላው ፈተና ነው፤ በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ ጠቋሚ መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ሻማና ጧፍ በሚበራበት በዚያው ሰዓት ያንቀላፋል። ባትሪው ያለቀ ጠቋሚ መብራት ይዘው ዘይት ያልያዙትን ደናግል ይመስላል።

በቤተ ክርስቲያን የተለየው ችግር ግን ዕጣን ነው። በቅዳሴና በማዕጠንት ጊዜ ከጽናው የሚወጣው ጭስ ጠቋሚውን ያስጮኸዋል፤ ጸሎት እንዳይታወክ ባትሪው ይወጣል፤ ወጥቶም ይቀራል። መፍትሔው መሣሪያውን ማፈን ሳይሆን ለየስፍራው የሚስማማውን መምረጥ ነው። ዕጣን በሚታጠንበትና እሳት በሚነድበት በቤተ ልሔም፣ ሙቀቱ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚጮኽ የሙቀት ጠቋሚ ይሻላል። ይህ ከጭስ ጠቋሚ ይልቅ ዘግይቶ ስለሚያስጠነቅቅ፣ በዕቃ ቤት፣ በአዳራሽና በተለይም ሰው በሚተኛበት ማደሪያ የጭስ ጠቋሚው መተካት የለበትም። ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ እጅግ ስለሚግል፣ የሙቀት ጠቋሚ የሚገጠምበትን ቦታ ባለሙያ ይወስን።

ጥበቃው ከባድ አይደለም። በየወሩ የሙከራ ቁልፉን ተጭኖ ድምፁን መስማት፤ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ በተለይ በበጋው አቧራ ማብቂያ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፤ የሚቀየር ባትሪ ያለው ከሆነ በየዓመቱ መቀየር ይገባል። የሙከራ ቁልፉ ደወሉንና ባትሪውን እንጂ የጭሱን መግቢያ ሙሉ በሙሉ ስለማይፈትሽ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ በመፈተሻ ጭስ ቢያየው መልካም ነው። በየጥቂት ደቂቃው «ጭው» የሚል አጭር ድምፅ ባትሪው እያለቀ ለመሆኑ ምልክት ነው። የጭስ ጠቋሚ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ሲሞላው፣ ቢጮኽም እንኳ ይለወጣል፤ ቀኑ በጀርባው ታትሞ ይገኛል።

የዓመቱን የባትሪ ቅያሪ ከጊፋታና ከመስቀል በዓል ዝግጅት ጋር ብናያይዘው አይረሳም። ኃላፊነቱ «የሁሉም» ከሆነ ግን የማንም አይሆንም። የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚጠብቅ ገበዝ ከጥንት አለን፤ ይህም ለእርሱ ወይም ለንብረት ክፍሉ በስም ይሰጥ፤ የተፈተሸበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ፤ መዝገቡም በሰበካ ጉባኤው ወርኃዊ ስብሰባ ይታይ።

በመጨረሻም ድምፁ የሚሰማ ሰው ያስፈልገዋል። በተቆለፈ ዕቃ ቤት ውስጥ የሚጮኽ ደወል በር ላይ ላለው ጥበቃ ካልተሰማ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ደወሉ ወደ ጥበቃው ቤት ይዘርጋ። እያንዳንዱ ጠቋሚ ቁጥር ይሰጠው፤ የትኛው ቁጥር የየትኛው ክፍል እንደሆነ በአማርኛና በወላይትኛ ተጽፎ በጥበቃው ቤት ይለጠፍ። የከተማው የእሳት አደጋ አገልግሎትና የፖሊስ ስልክም ከአጠገቡ ይጻፍ። ቁልፉ በሌሊት ከማን ዘንድ እንደሚያድር ጥበቃው ይወቅ።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ብዙ የሚያስፈልገው ጽናት ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባው ሁለት ነገር በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍር እናሳስባለን፦ የኃላፊውን ስምና የመጀመሪያውን የፍተሻ ቀን።