እኔስ ከማን ወገን ነኝ?

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብረታ ብረት አስተምራለሁ። ብረት ማጠንከር የምናስተምርበት ወቅት በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ ይህን እየሠራሁ ከጠይቦቹ የምለየው በምኑ ነው?

ያደግሁት ጎንደር አካባቢ ገጠር ነው። ማረሻ ሲዶለድም የሚወሰደው ጠይቡ ዘንድ ነበር፤ ማጭዱም መጥረቢያውም የእሱ እጅ ሥራ ነው። ያለ እሱ የሚታረስ መሬት አልነበረም። ልጆች ግን በደጁ እንድናልፍ አይፈቀድልንም። ዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። ሕፃን ድንገት ሲታመም ቀድሞ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ለጋብቻ አጥንት ሲቆጠር ጠይብ ተገኘ ከተባለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ይህን ስም ከተሸከሙት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ ስሙ ለቀሪው ቀጥቃጭ ተረፈ። እኔም ከተማ ከገባሁ በኋላ እንኳ ከዚያ ወገን ጋር ሳልቀራረብ ኖሬያለሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ የለመደ እግር ራሱ ዞሮ ያልፋል።

ለልምምድ የምንይዘው የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ካርቦኑ በቂ ስለሆነ ግሎ ሲነከር ይጠነክራል፤ ካርቦኑ ያነሰ ብረት ግን ቢነከርም የረባ ጥንካሬ አያገኝም። 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ከዚያ ትንሽ አልፈን ዘይት ውስጥ እንከተዋለን። እንዲሁ ከተተወ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ፊቱን ወልውለን ቀስ ብለን መልሰን እናሞቀዋለን። 220 ዲግሪ አካባቢ ቢጫ፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ ይሆናል። ስለት ከሆነ ቢጫው ላይ፣ መለጠጥ ያለበት ከሆነ ሰማያዊው ላይ ማቆም ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪ ማግኔቱን ሳይነካ መብራቱን አስጠፋና በቀለሙ ብቻ አውጥቶ ነከረው። ሞረድ ብናሳርፍበት ይንሸራተታል፤ ልክ ነው። የት እንደተማረው ስጠይቀው «እንዲሁ ነው ቲቸር» አለኝ። ጓደኞቹ ከወጡ በኋላ ግን አባቱ ቀጥቃጭ መሆናቸውን ነገረኝ፤ እንዳልናገርበትም ለመነኝ።

«እኔም ያው ነኝ» ልለው ነበር። ተውኩት። በሥራው ከሆነ እውነት ነው፤ እሳቱ፣ መስፉ፣ ጉጠቱ፣ መዶሻው አንድ ነው፤ ወናፉ በኤሌክትሪክ ማራገቢያ መተካቱ ወገን አይለውጥም። ጠይብ ነኝ ብዬ ሳላቅማማ መናገር እችላለሁ። ችግሩ፣ ብናገር የሚደርስብኝ ነገር የለም። የጎረቤት ልጅ ሲታመም ወደ እኔ የሚዞር ዓይን የለም። ልጄን ለማጨት የሚመጣ ሽማግሌ መሐንዲስ መሆኔን ሲሰማ ደስ ይለዋል እንጂ አይመለስም። ያ ልጅ ግን እጁ ያወቀውን እንኳ አላውቅም ማለት አለበት። ሥራውን ከአባቱ ጋር እጋራለሁ፣ ስሙ የሚያስከፍለውን ግን አልከፈልኩም፤ ሳልከፍል ከእናንተ ነኝ ማለት ለእኔ ድፍረት ነው።

አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለዋል። ትልቅ ነገር ነበር፤ ነገር ግን አዋጅ ስድብን እንጂ ጋብቻን አይደርስበትም።

የልጁን አባት ወደ ክፍል ልጋብዛቸው አስቤ ነበር። ልጁ እንዲታወቅበት እስካልፈለገ ድረስ ይህ የእኔ ውሳኔ አይደለም። ስለዚህ ለማጠንከሪያው ትምህርት ከሌላ ወረዳ አንድ ቀጥቃጭ በአሠልጣኝነት፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ መምህር አበል ተከፍሎት እንዲመጣ ለክፍሉ ኃላፊ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ከተፈቀደ ወናፉን የማናፋው እኔ ነኝ፤ ብረቱ መቼ እንደሚወጣ የሚያዘው እሱ ነው፤ ተማሪዎቹም ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት ለእሱ ይሆናል።